ሻምፒዮኗና ላይኛው ፎቅ

ኪልዋኔል ትንሽ ከተማ ናት። ባሕር አላት፣ ነፋስ አላት፣ እርስ በርስ የማይነጋገሩ ሁለት ቤተ ክርስቲያኖች አሏት፣ በረዶ ላይ ከባድ ድንጋይ እያንሸራተቱ የሚጫወቱበት የከርሊንግ ክበብም አላት። የጨዋታው ድንጋይ ተፈልፍሎ የሚወጣባት ደሴት ከወደቡ ስለምትታይ የኪልዋኔል ሰው ከርሊንግን የፈጠረው እሱ፣ በረዶንም በተዘዋዋሪ መንገድ እሱ እንደሆነ ያምናል። ይህ ሁሉ ኩራት ለዘመናት ማረፊያ አጥቶ ሲንከራተት ኖሮ በመጨረሻ ኔታ ማክሪንድል ላይ አረፈ።

ኔታ በዊልቸር ከርሊንግ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። የከተማው መግቢያ ላይ ስሟ በትልቁ ተጽፏል። ዳቦ ቤቱ በስሟ የሥጋ ፓይ ይሸጣል፤ ውስጡ ሥጋ መኖሩን ግን እስካሁን ያረጋገጠ የለም። የክበቡ ሊቀ መንበር ሙንጎ ድራይስዴል ለቀብርም ይሁን ለሠርግ ንግግር ሲያደርግ እሷን ሳያነሳ አይቀመጥም። በዘይት ቀለም የተሠራ ትልቅ ምስሏም በክበቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያየ ሁሉ «ቁርጥ አንቺን!» ይላታል። እሷ ግን አይታው አታውቅም። የተሰቀለው ላይኛው ፎቅ ነዋ! ላይኛው ፎቅ ደግሞ በደረጃ ነው የሚወጣው፤ ደረጃውም ጠባብ፣ ጠመዝማዛና፣ ሙንጎ እንደሚለው፣ ታሪካዊ ነው።

ላይኛው ፎቅ ምን አለ? ባሩ አለ። ከርሊንግ የማያውቅ ሰው «ታዲያ ባር ምን ያደርግላታል?» ይል ይሆናል። ከርሊንግ የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ዝም ቢል ግን ይሻለዋል። በዚህ ጨዋታ የሚጋብዘው ያሸነፈው ነው። ተሸናፊዎቹ ቀድመው ወጥተው ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አሸናፊው ከኋላ ይመጣና ፊት ለፊታቸው ሆኖ «ምን ልጋብዝህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህች ቃል ሳትነገር ብርጭቆ የሚነካ የለም። ዋንጫ የብር ዕቃ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ማሸነፍ ማለት ያቺን ጥያቄ በገዛ አፍ መጠየቅ ነው። ኪልዋኔል ውስጥ ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል።

ኔታ ጥያቄውን ስዊድን ውስጥ ጠይቃለች፤ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ የወሰደች ቀን። የተሸነፈው የስዊድን አምበል ፊቱን ከስክሶ የሎሚ ውሃ አዘዛት፤ እሷ ደግሞ ከደስታዋ ብዛት ሁለት አመጣችለት። ካናዳ ውስጥ ጠይቃለች። ቻይና ውስጥ ቋንቋው አልሆን ቢላት በጣቷ ወደ ጉሮሮዋ እያመለከተች ጠይቃ፣ አስተናጋጇ ሐኪም ልትጠራ ስትሮጥ በስንት ልመና መለሷት። በገዛ ክበቧ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። እዚህ ስታሸንፍ የቡድን ጓደኛዋ ታም ሃዶ ነው በእሷ ፈንታ ወጥቶ «ኔታ ጋብዛችኋለች» የሚለው። የእሷ ብርጭቆ ታች ይወርድላታል። ታች ማለት ኮሪደሩ ነው፤ የጫማ መደርደሪያው አጠገብ፣ እጀታቸው የተሰበረ መጥረጊያዎች የተከመሩበት ጥግ። ከላይ ሳቅ ይሰማል። እሷ ታች ቁጭ ብላ የሰው ጫማ እያየች ድሏን ታከብራለች።

ሰው እንዴት ዊልቸር ላይ እንደተቀመጠች ማወቅ ይወዳል። ጋዜጦቹ «በረዶ የነጠቃትን በረዶ መለሰላት» ብለው ጽፈዋል፤ አርዕስቱ ስላማረ ማንም ሊያበላሸው አልፈለገም። እውነቱን ለመናገር በረዶ የሚባል ነገር አልነበረም። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ሙቀቱ ሬንጅ ያቀልጥ ነበር፤ ኔታ የወተት ቦቴ እየነዳች ነበር፤ መንገዱ መሀል ደግሞ ላም ቆማ ነበር። ላሟን ለማዳን መሪውን ስትጠመዝዝ ቦቴው ተገለበጠ። ላሟ ምንም አልሆነችም፤ የፈሰሰውን ወተት ቆማ ታይ ነበር አሉ። ኔታ ይህንን ለጋዜጠኞቹ ስትነግራቸው «ላሟን ብንተዋት ምን ይመስልሻል?» አሏት።

ከርሊንግ የጀመረችውም በጀግንነት አይደለም። ከዚያ በፊት ከርሊንግ ማለት ለእሷ በረዶ በመጥረጊያ መፈተግ፣ የሰነፎች የቤት ጽዳት ነበር። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ከታም ጋር ተዋወቀች። ታም አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ አንድ እግሩን ስኳር ወስዶበት በሰው ሠራሽ እግርና በከዘራ መራመድ እየተማረ ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን «እኔ ስንት ዘመን ሙሉ ሰካራም ጭኜ ሳልገለበጥ፣ አንቺ አንድ ላም አቃተሽ?» ብሎ ዘለፋት። ሌላው ሰው ሁሉ ያለቅስላት ስለነበር ስድቡ እንደ መድኃኒት ሆነላት። ዊልቸር ላይ ተቀምጠው ድንጋይ የሚገፉ ሰዎች እንዳሉ የነገራትም እሱ ነው። «አትችይውም» አላት። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት!

በዚህ ጨዋታ ድንጋዩ የሚገፋው በረጅም ዘንግ ነው፤ ገፊዋ ስትገፋ ወንበሯ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ሌላ ተጫዋች ከኋላዋ ሆኖ አጥብቆ ይይዘዋል። የኔታን ወንበር የሚይዘው ታም ነው። በቴሌቪዥን ከትከሻዋ ጀርባ የሚታየው ራሰ በራ እሱ ነው። ጋዜጣው ላይ ፎቶው ሲወጣ ግን ሁልጊዜ ይቆረጣል።

ታዋቂነት የራሱ ጣጣ አለው። ሱቅ ገብታ ወተት ስትገዛ ሴቶች ዓይናቸው እንባ እያቀረረ «አንቺን ሳይ እኮ ሕይወቴን እለውጣለሁ» ይሏታል። ወተት ስለገዛች ነው። ዓለምን ያሸነፈችበትን ጨዋታ ያየ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ጣቢያ ላይ የምግብ ዝግጅት ውድድር ነበር።

የመጀመሪያውን ሜዳሊያ ይዛ የመጣች ጊዜ ክበቡ «ተሸክመን እናወጣታለን» አለ። አራት ወንዶች ተሸከሟት። አንደኛው ቀደም ብሎ ቢራ ቀማምሶ ነበር። ደረጃው መሀል ላይ «በግራ! በግራ!» «የማን ግራ?» ሲባባሉ ክርኗ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፣ ሜዳሊያዋም ከአንገቷ ወልቆ ደረጃውን እየነጠረ ወረደ። ሜዳሊያውን ተከትለው እሷንም አወረዷት። ከዚያ በኋላ ለወራት መንገድ ላይ ባገኟት ቁጥር ወሬው ስለ ሜዳሊያው ሳይሆን ስለ ኪሎዋ ሆነ። ኔታ ያን ቀን ማለች፤ በገዛ ጎማዋ ካልሆነ ላይኛው ፎቅ ላትወጣ።

ክበቡ ዝም አላለም። ኮሚቴ አቋቋመ፤ የአሳንሰር ኮሚቴ። ኮሚቴው በየወሩ ይሰበሰባል፤ የሚሰበሰበው ላይኛው ፎቅ ነው። ኔታን የክብር አባል አድርጎ መርጧታል፤ ስብሰባ ላይ ባለመገኘቷም አንድ ጊዜ ወቀሳ ቢጤ ደርሷታል። አሳንሰሩን ግን፣ አንዴ ግድግዳው ታሪካዊ ነው፣ አንዴ ጣሪያው አርጅቷል፣ አንዴ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው እየተባለ፣ ውሃ በላው። «እሺ፣ እንግዲያው ባሩን አውርዱት» ስትላቸው ሙንጎ ልቡን ይዞ ይቀመጣል። አያቱ የጠጡበት ባር ነው። አያቱ የሞቱት ከዚያው ደረጃ ወድቀው ነው፤ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ምስሉ ታምን ትጠይቀዋለች።

«ታም፣ እንዴት ነው ግን?»

«ቆንጆ ነው።»

«ቆንጆ ምን ማለት ነው?»

«ቆንጆ ማለት ቆንጆ ነው፣ አንቺ ሴትዮ! ዛሬ ደግሞ ዝናቡ አይተወንም መሰለኝ።»

ታም በዕድሜው ሙሉ ቆንጆ ብሎ የጠራው ነገር ቢኖር አንድ አሮጌ አውቶቡስ ብቻ ስለነበር ነገሩ ከንክኗታል። አልገፋችበትም።

ዘንድሮ ትከሻዋ እምቢ አለ። ሐኪሙ «በቃሽ» አላት፣ እሷም በቃኝ አለች። ክበቡ የስንብት ዝግጅት አሰበላት፤ ሻይ፣ ፓይ፣ ንግግር። ሙንጎ ሊያማክራት ከላይ ወርዶ ኮሪደሩ ላይ አገኛት።

«ኔትዬ፣» አላት። ሙንጎ ሰውን አከበርኩ ሲል ስሙን ያቆላምጣል። «ምን ስጦታ እንስጥሽ? የግድግዳ ሰዓት አስበን ነበር።»

«ሰዓት አለኝ።»

«እንግዲያው ምን ይሁን?»

«እዚህ ቤት አንድ ጊዜ አሸንፌ፣ አንድ ጊዜ በገዛ አፌ ልጋብዝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሱማ ምን ችግር አለው! አራት ጎረምሳ ፈልገን…»

«አራት ጎረምሳ የምትለዋን ነገር ድጋሚ ብትጠራት በዚህ ወንበር እግርህ ላይ ነው የምወጣብህ።»

ሙንጎ እግሩን ሰበሰበ።

«ስማኝ፣» አለች ኔታ። «ግጥሚያ እናድርግ። እኔና ታም፣ አንተና ምክትልህ ኒንያን። ግን በእኔ ሕግ ነው፤ ዊልቸር ላይ ትቀመጣላችሁ፣ መጥረጊያ የለም። እኔ ካሸነፍኩ ባሩ በዚያው ቀን ታች ይወርዳል። አንተ ካሸነፍክ ሰዓታችሁን ተቀብዬ ቤቴ እገባለሁ፤ ስለ ደረጃም ስለ አሳንሰርም ዕድሜ ልኬን አንዲት ቃል አይወጣኝም።»

የሙንጎ ዓይን በራ። በረዶ ላይ መዳህ የጀመረ ሰው ነው፤ ያውም ዕድሜ ልኳን ያቺን ቃል ላትናገር! «ቁጭ ማለትማ ማን ያቅተዋል!» አለ ጮክ ብሎ፣ ኮሪደሩን የሞላው ሰው እየሰማ፤ እጁንም ዘረጋ። ተጨባበጡ። ከርሊንግ ሰው ዘንድ የተጨበጠ እጅ አይታጠፍም። ሙንጎ ደግሞ፣ እውነቱ ይነገርለትና፣ በረዶ ላይ ከሱ የታመነ ሰው የለም። በዚህ ጨዋታ ጥፋትን ከዳኛ በፊት የሚናገረው አጥፊው ራሱ ነው፤ ሙንጎ የጫማው ክር ድንጋይ ቢነካ እጁን የሚያወጣ ሰው ነው። አሳንሰር ላይ እንጂ በረዶ ላይ ዋሽቶ አያውቅም።

የግጥሚያው ቀን ከተማው ነቅሎ መጣ። ሙንጎና ኒንያን በተዋሷቸው ዊልቸሮች ላይ ተኮፍሰው ወደ በረዶው ገቡ። ገና ሳይጀመር ኒንያን ፍሬኑን መያዝ ረስቶ በጀርባው እየተንሸራተተ ሄዶ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ጋር ተጋጨ። ሊቀ መንበር መባል አንድ ነገር ነው፤ መንበር ላይ መቀመጥ ግን ሌላ ሙያ ነው። በመንበር ጉዳይ የዚያን ቀን ሊቋ ሌላ ሰው ነበረች።

ቆመው የሚጫወቱት ድንጋዩ ከተለቀቀ በኋላ ፊት ፊቱ እየሮጡ በረዶውን በመጥረጊያ ይፈትጉለታል፤ ርቀት ይጨምሩለታል፣ መንገዱን ያቃኑለታል። ተቀምጠው የሚጫወቱት ግን የለቀቁትን ለቀቁ፤ የሚያግዘው የለም። ይህ ለሙንጎ በቃል ገብቶታል፣ ጉሮሮው ግን አልሰማም። ድንጋይ በለቀቀ ቁጥር «ጥረግ! ጥረግ!» እያለ አዳራሹን ያናውጠዋል፤ የሚጠርግ የለም፤ ድንጋዩም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በፈለገበት ይቆማል።

«ኧረ ሙንጎ፣ ማንን ነው የምታዘው?» አለ ታም። «ቤትህም እንዲህ ነህ እንዴ?»

«አንተ ሹፌር፣ ዝም በል!»

«ከሹፌር ጋር መነጋገር ክልክል ነው። አውቶቡሱ ላይ ተጽፏል።»

እግር ሌላ ጣጣ ነበር። ድንጋይ ሲለቀቅ የገፊው እግር በረዶውን መንካት የለበትም፤ ከነካ ድንጋዩ ከጨዋታ ይወጣል። የኔታ እግሮች ከዚያች ላም ወዲህ ጨዋ ናቸው፤ ካስቀመጧቸው አይነሱም። የሙንጎና የኒንያን እግሮች ግን ባለቤቶቻቸው ሳያዟቸው ውረድ ውረድ ይላቸዋል። እግር በወረደ ቁጥር ባለቤቱ እያፈረ እጁን ያወጣል፣ ድንጋዩም ይወጣል። ቢሆንም የኔታ ትከሻ እንደ ቀድሞው አልታዘዝ ስላላት፣ ታምም ሁለት ጥሩ ጥሩ ድንጋይ ስላበላሸ፣ እስከ መጨረሻው ዙር እኩል ለእኩል ደረሱ።

ኔታ ወንበሯን የመጨረሻ ድንጋይዋ ፊት አቆመች። ታም በራሱ ዊልቸር ከኋላ መጥቶ ወንበሯን ያዘ።

«ይዤሻለሁ፣» አላት፣ ሁልጊዜ እንደሚላት።

«ትከሻዬን ያቃጥለኛል።»

«እኔም እግሬን ያቃጥለኛል፤ ያውም የሌለው እግሬን። ልቀቂው ባክሽ።»

ለቀቀችው። ድንጋዩ ቀስ እያለ ሄደ፣ ዞር ዞር አለና ከሌላ ድንጋይ ጀርባ ገብቶ በረዶው ላይ የተሠመረው የዒላማ ክብ መሀል ላይ እንደ ቤቱ ተቀመጠ። ያቺ ጥያቄ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣች።

አንድ ድንጋይ ቀርቷል፤ የሙንጎ። ሙንጎ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ድንጋይ ለቅቆ አያውቅም። ድንጋዩ ከጋረደው ድንጋይ ጎን በፀጉር ክር ሾልኮ አለፈና የኔታን ድንጋይ ገፍትሮ አስወጥቶ በቦታው ተተካ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ኒንያን ከዊልቸሩ ዘሎ ተነሳ፤ አዎ፣ ተነሳ፣ ለእሱ ቀላል ነው። ኔታ ሰዓቱ ታያት፤ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሎ ቀጭ ቀጭ ሲል። እንባዋ መጣ፤ ጥርሷን ነክሳ መለሰችው።

ሙንጎ ግን አልተነሳም። እጁን አውጥቶ ነበር።

«እግሬ፣» አለ።

«ምን አልክ?»

«እግሬ ነካ። ስለቀው። ግራው።»

«ማንም አላየህም እኮ!» አለ ኒንያን።

«እኔ አይቻለሁ፣» አለ ሙንጎ፣ ፊቱ እንደ ሊጥ ነጥቶ። «የኔን አውጡት። የሷን ወደ ቦታው መልሱ።»

ኔታ አየችው። በየወሩ «በጥናት ላይ ነው» የሚላት ሰው ይህ ነው። ለጫማ ጫፍ ስንት ሰው ፊት ራሱን የሚያጋልጥ ሰው፣ ለደረጃ ስንት ዓመት ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲዋሻት ኖረ። ልትስመውም ልትመታውም አማራት። ሙንጎ ወደ እሷ እየተንገዳገደ በጎማው መጥቶ እጇን ጨበጠ። «ጥሩ ጨዋታ ነበር፣ ኔትዬ፣» አላት። ከልቡ ነበር።

ኪልዋኔል ኪልዋኔልነቷን ያሳየችው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። ጨዋታው አለቀ። ተሸነፉ። ተሸናፊ ምን ያደርጋል? ቀድሞ ይወጣል፣ ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል፣ አሸናፊን ይጠብቃል። ሙንጎና ኒንያን ዊልቸሮቻቸውን ኮሪደሩ ላይ ትተው፣ ጫማቸውን ቀይረው፣ በፍጹም ጨዋነት ደረጃውን ወጡ። ተመልካቹም ተከተላቸው። ወዲያው ኮሪደሩ ባዶ ሆነ። የቀሩት ሁለት ባዶ ዊልቸሮች፣ የጫማ መደርደሪያው፣ የተሰበሩት መጥረጊያዎችና የዓለም ሻምፒዮኗ ነበሩ።

ኔታ መጀመሪያ የሚቀልዱባት መሰላት። ቀጥሎ አለመቀለዳቸው ገባት፤ የባሰውም እሱ ነው። ባሩን ለማውረድ የተደረገውን ግጥሚያ ተሸንፈው፣ ሽንፈታቸውን በወጉ ለመቀበል ወደ ባሩ ወጡ። ክፋት ቢሆን ትሳደብ ነበር። ክፋት የለበትም፤ ረስተዋት ነው።

ከዚያ የመጫወቻ ዊልቸሩን በረዶው ዳር የተወውን የታምን ከዘራ ሰማች። ቀና ስትል ታም ደረጃው ላይ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቷት እየወጣ ነው። ስንት ዓመት ወንበሯን የያዘላት ታም! ሆድ ባሳት። ታም ግን ቆመ። እንደ ምንም ዞረ። ፊቱ ቀልቷል።

«እግሬ ነው ኔታ፣» አለ። «ልማድ ሆኖበት። ሁልጊዜ ጋብዛችኋለች ልል እወጣ የለ።»

«የትኛው እግርህ?»

ታም ትንሽ አሰበ። «የፕላስቲኩ።»

ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም አብሮ አመለጣት። «ና ውረድ፣ አንተ ከሃዲ!»

ወረደና ከባዶዎቹ ዊልቸሮች በአንዱ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። «አሁንስ?» አላት።

«አሁን እንጠብቃለን፣» አለች ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች። «እኔ ሳልጋብዝ ማን ሊጠጣ ነው?»

ጠበቁ። ከላይ መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ወንበር ሲጎተት፤ ቀጥሎ የደረቀ ጉሮሮ ሳል። ባሩን የምትይዘው የሪና ድምፅ እየጎላ መጣ። «አልቀዳም አልኩ እኮ! አሸናፊዋ ሳትጋብዝ ለማን ነው የምቀዳው? አያትህ ቢሰሙ ምን ይላሉ፣ አንተ ሙንጎ?»

«ኔትዬ!» ብሎ ተጣራ ሙንጎ ከላይ። «የት ቀረሽ? ጠምቶናል እኮ!»

«እዚህ ነኝ! ልጋብዛችሁ ተዘጋጅቻለሁ!»

«ታዲያ ነዪያ…» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

ጭንቅላቱ ከደረጃው ጥምዝ በላይ ብቅ አለ። እሷን አየ። ራሱ ትቶት የወጣውን ወንበር፣ ወንበሩም ላይ የተቀመጠውን ታምን አየ። አፉን ከፈተ። «አራት ጎ…»

«ሙንጎ!»

«እሺ፣ እሺ። ከፋሲካ በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ…»

«ጥሩ። እናንተም ከፋሲካ በኋላ ትጠጣላችሁ።»

«በእግርህ ያመንከውን፣ አንተ ሰውዬ፣ በአፍህ ልትክደው ነው?» አለ ታም።

ሙንጎ ደረጃውን አየ፤ ዕድሜ ልኩን የወጣበትን ደረጃ ከላይ ወደ ታች፣ እሷ እስካለችበት ድረስ አየው። ከዚያ ልክ በረዶው ላይ እንዳደረገው እጁን አወጣ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣» አለ። ድምፁ ከወትሮው አንሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ጠርሙስ ወረደ፣ በርሜል ወረደ፣ ጠረጴዛ ወረደ። «በግራ! በግራ!» «የማን ግራ?» ተባለ። አያቱ ክርናቸውን ያስደገፉበት ረጅም ጣውላ ጥምዙ ላይ ሲሰነቀር ሙንጎ መጋዝ አስመጥቶ በገዛ እጁ ቆረጠው፤ እየቆረጠ ምን እንዳለ ባይደገም ይሻላል። የጫማ መደርደሪያው ወደ ውጭ ተጣለ። ሪና ኮሪደሩ ላይ ብርጭቆዎቿን ደረደረች። በመጨረሻ ኒንያን፣ ቅን ሰው ነውና፣ ትልቁን ምስል በደረቱ አቅፎ እያለከለከ ወረደ።

«እሱን ተወው!» ብሎ ታም ብድግ አለ። ዘግይቷል።

ኔታ ምስሏን አየች። በእርግጥ ቁርጥ እሷን ነው፤ ፀጉሯ፣ አፍንጫዋ፣ ቁጣዋ ሳይቀር። ቀጥ ብላ ቆማለች፣ በሁለት ረጃጅም ጤነኛ እግሮች። እጇ ላይ መጥረጊያ ይዛለች።

ታም መሬት መሬቱን ያያል።

«ደስ ይልሽ ብለን ነው፣» አለ ሙንጎ። «እንደ ድሮሽ እንድትሆኚ።»

«ድሮ ከርሊንግ ተጫውቼ አላውቅም፣» አለች ኔታ። «ድሮ የወተት ቦቴ ነበር የምነዳው። እሱንም ቁጭ ብዬ።»

ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ሐዘኑ በለጠባት። እሷ ኮሪደር ውስጥ የሰው ጫማ ስትቆጥር፣ ከላይ ሲጠጣላትና ሲጨበጨብላት የኖረው ለዚህች ለማታውቃት ሴት ነበር።

«መልሰህ ላይ ውሰዳት፣» አለችው ኒንያንን። «እሷን ደረጃ አያስቸግራትም።»

ኒንያን ምስሉን አቅፎ ተመለሰ። ሙንጎና ሰዎቹ በወጉ ጠረጴዛቸውን ይዘው ተቀመጡ። ኔታ ጎማዋን አንድ ጊዜ ገፋ አድርጋ ፊት ለፊታቸው ሆነች። ስንት አገር የጠየቀችው ጥያቄ ነው። አፏን ስትከፍት ድምፅ እምቢ አላት። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጥረጊ! ጥረጊ!» አለ ታም ከኋላዋ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሙንጎ ሳይቀር ሳቀ። ኔታም ስቃ፣ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ እንደገና ጀመረች።

«ምን ልጋብዝህ፣ ሙንጎ?»

«ውስኪ፣» አላት። «ትንሽ ውሃ ጠብ ይደረግበት፣ ኔታ።»

ኔታ ወደ ሪና ዞራ አዘዘችለት።